አዲስ ፒክአፕ በብርድ ወራት ነዳጅ ሲያበዛ፦ የሚታወቀውና የሚያከራክረው

ኅዳር ላይ አዲስ ፒክአፕ የገዛ የሚኒሶታ፣ የኮሎራዶ ወይም የአልበርታ ነዋሪ ጥር ሲገባ የሚያነሳው ቅሬታ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሲገዛ መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት መኪናው በጋሎን 20 ማይል እንደሚሄድ ይናገራል፤ በእኛ አቆጣጠር በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ተኩል ማለት ነው። ዳሽቦርዱ ግን 16፣ አንዳንዴም 15 ያሳያል። ሻጩ «ብርዱ ነው» ይለዋል። መካኒኩ «ገና አዲስ ስለሆነ ነው፤ ሞተሩ ሲፍታታ ይሻሻላል» ይለዋል። ወዳጁ ደግሞ የሚቀዳበትን ማደያ እንዲቀይር ይመክረዋል። ሦስቱም መልሶች የእውነት ድርሻ አላቸው፤ የትኛው ምን ያህል እንደሚመዝን ሳይለይ አብረው ስለሚነገሩ ግን ባለቤቱ የትኛውን ይዞ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም።

በጉዳዩ ላይ ባለፉት 50 ዓመታት ብዙ ተለክቷል፣ ብዙም ተጽፏል። የተጻፈውን ለማንበብ አንድ መለያ እጅግ ይረዳል ባይ ነኝ። ብርድ ከሚያስከፍለው ነዳጅ ከፊሉ የሚከፈለው በመነሻ ነው፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ በተነሳ ቁጥር አንድ ጊዜ ይከፈላል። ከፊሉ ደግሞ በመንገድ የሚከፈል ነው፤ መኪናው በሄደበት በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ይቆጠራል። የመጀመሪያው በከተማ ነዋሪ ላይ የሚከብደውና ሊቀነስ የሚችለው ነው። ሁለተኛው በአብዛኛው ከአየሩ ጋር አብሮ የሚመጣ በመሆኑ ጥቂቱ ብቻ ይመለሳል። ምክሮች የሚጋጩት በአብዛኛው ሁለቱ ስለሚደባለቁ ነው።

የወረቀቱ ቁጥር ታሪክ

የዓረብ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ማዕቀብ ከጣሉ በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1975 የኢነርጂ ፖሊሲና ቁጠባ ሕግን አወጣ። አምራቾች የሚሸጧቸው መኪናዎች በአማካይ ሊያሟሉት የሚገባ የነዳጅ ደረጃ የተጀመረው በዚህ ሕግ ነው፤ ለፒክአፕና ለመሰሎቹ ከ1979 ሞዴል ጀምሮ የተለየ ደረጃ ወጣላቸው። ልኬቱ የሚካሄደው በቤተ ሙከራ ነው፤ መኪናው በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ቆሞ ይነዳል፣ የክፍሉም ሙቀት ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። አንዱ ፈተና የከተማን፣ ሌላው የአውራ ጎዳናን ጉዞ ይወክላል።

መንገድ ላይ የሚገኘው ውጤት ከቤተ ሙከራው እያነሰ ሲያስቸግር፣ ከ1985 ሞዴል ጀምሮ የከተማው ቁጥር በ10 በመቶ፣ የአውራ ጎዳናው በ22 በመቶ ተቀንሶ እንዲጻፍ ተደረገ። ቅናሹ ለሁሉም እኩል ስለነበር በብርድ እጅግ የሚጎዳውን መኪና ብዙም ከማይጎዳው አይለይም ነበር።

የብርድ ፈተናው የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። እንደ ዴንቨርና ፌርባንክስ ያሉ ከተሞች በብርድ ወራት በካርቦን ሞኖክሳይድ ይታፈኑ ነበር፤ ቀዝቅዞ የተነሳ ሞተር ይህን ጋዝ አብዝቶ ያወጣል። በ1990 የተሻሻለው የንጹሕ አየር ሕግ መኪናዎች ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ጭሳቸው እንዲለካ አዘዘ፤ ትእዛዙም ከ1994 ሞዴል ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሥራ ላይ ዋለ። ይህ ስለ ጭስ የተሰናዳ ፈተና በነዳጅ ወረቀቱ ስሌት ውስጥ የገባው ግን ከ2008 ሞዴል ጀምሮ ነው። ያኔ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ሁለቱን የቀድሞ ፈተናዎች ከፈጣን ጉዞ፣ ከአየር ማቀዝቀዣና ከብርድ ፈተናዎች ጋር አጣምሮ የአምስት ፈተና ዘዴን ጀመረ። ካናዳ ተመሳሳዩን ዘዴ የተቀበለችው በ2015 ሞዴል ነው። ስለዚህ የ2014 ካናዳዊ ወረቀትና የ2015ቱ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ ያው መኪና በአንድ ዓመት ነዳጅ የጨመረ ይመስላል።

እንግዲህ «ወረቀቱ ብርድን አያውቅም» የሚለው የተለመደ ክስ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። ያውቃል፤ ግን በሁለት ገደብ። አንደኛ፣ አምራቾች ለብዙ ሞዴሎች አምስቱንም ፈተና ከማካሄድ ይልቅ ከሁለቱ የቀድሞ ውጤቶች በተዘጋጀ ቀመር እንዲያሰሉ ተፈቅዶላቸዋል። በዚህ መንገድ የተሠራ ወረቀት የሚይዘው የብርድ ድርሻ ያ መኪና በብርድ ተነድቶ የተገኘ ሳይሆን ከሌሎች መኪናዎች ልምድ የተገመተ ነው። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ የዓመቱን ሙቀትና ብርድ ያጣጣመ አንድ አማካይ ነው። የጥርን ፍጆታ ከእሱ ጋር ማወዳደር የሐምሌን ማለፊያ ውጤት ከእሱ ጋር እንደ ማወዳደር ያህል ያሳስታል።

ሦስተኛ ገደብም አለ፤ እሱም ፒክአፕን ብቻ ይመለከታል ማለት ይቻላል። ከነጭነቱ የሚፈቀድለት ጠቅላላ ክብደት ከ8,500 ፓውንድ፣ ማለትም ከ3,855 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ፒክአፕ የነዳጅ ወረቀት አይለጠፍለትም። ኤፍ-250፣ ራም 2500 እና ሲልቨራዶ 2500 ከዚህ ወገን ናቸው። የእነዚህ ባለቤት የሚያነጻጽርበት ይፋዊ ቁጥር የለውም።

በመነሻ የሚከፈለው

የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚያስቀምጠው፣ በከተማ ጉዞ የተለመደ የቤንዚን መኪና ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ላይ በጋሎን የሚሄደው ርቀት 25 ዲግሪ ላይ ከሚሄደው በ15 በመቶ ገደማ ያንሳል። ጉዞው ከ5 እስከ 6 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ሲሆን ቅናሹ እስከ 24 በመቶ ይደርሳል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል የሙቀት ልዩነት የለም፤ ብርዱ አንድ ነው፣ የተለወጠው የጉዞው ርዝመት ብቻ ነው። ይፋዊው የከተማ ፈተና 17.8 ኪሎ ሜትር ርዝመት እንዳለው ስናስብ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል፦ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ የሚመለስ ፒክአፕ ፈተናው ሞተሩ ሞቆ የሚያጠናቅቀውን ክፍል ጨርሶ ሳያየው ይቆማል።

በመነሻው የሚሆነው ብዙ ነው። ቤንዚን በቀዘቀዘ ሲሊንደር ውስጥ በደንብ ወደ ተን ስለማይለወጥ፣ ኮምፒዩተሩ ሞተሩ እንዳይጠፋ ትርፍ ነዳጅ ይረጫል። በጭስ ማውጫው ያለው ካታላይዘር ሥራውን የሚጀምረው ሲግል በመሆኑ፣ ቶሎ እንዲግል ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ከፍ ባለ ዙርና ሆን ተብሎ በዘገየ ብልጭታ ይሠራል፤ ያን ጊዜ የሚቃጠለው ነዳጅ መኪናውን ሳይገፋ ጭሱን ብቻ ያሞቃል። የሞተር ዘይቱ ወፍሯል። የካምቢዮውም እንዲሁ። የዲፈረንሻሉ ዘይት ከሁሉም ይብሳል፤ የሚያሞቀው ሞተር አጠገቡ የለም፣ በብርድ ነፋስ ውስጥ ተንጠልጥሎ በራሱ ፍትጊያ ብቻ ቀስ እያለ ይሞቃል። ባለአራት ጎማ ፒክአፕ ሁለት ዲፈረንሻልና አንድ የኃይል ማከፋፈያ ሳጥን ስላለው፣ ከአነስተኛ መኪና ይልቅ የሚሞቀው ብረትና ዘይት ብዙ ነው።

አዳዲሶቹን ፒክአፖች ከቀድሞዎቹ የሚለይ ነገር እዚህ ይገባል። ዛሬ ወረቀቱ ላይ የሚታየው መልካም ቁጥር ከሚገኝባቸው ዘዴዎች ብዙዎቹ ሙቅ ሞተር ይፈልጋሉ። ሲሊንደሮችን እየመረጠ የሚያሳርፈው ዘዴ ዘይቱ እስኪሞቅ አይጀምርም፤ ጄኔራል ሞተርስ በ2019 ሲልቨራዶ ላይ ያመጣው ዓይነት 17 የአሠራር ስልቶች ቢኖሩትም ቀዝቃዛ ሞተር ላይ አይሠራም። መብራት ላይ ሲቆም ሞተሩን የሚያጠፋው ዘዴም የመኪናው ጓዳ፣ ማለትም ሰው የሚቀመጥበት ክፍል፣ ሙቀት እስከፈለገ ድረስ ብዙ ጊዜ ይታገዳል። በዚህ ምክንያት አዲስ ፒክአፕ በመቶኛ ሲሰላ ከአሮጌው የበለጠ በብርድ ሊጎዳ ይችላል፤ ነዳጅ የሚበላ ስለሆነ ሳይሆን በብርድ የሚያጣው ቁጠባ ስላለው ነው። «አሮጌው መኪናዬ እንዲህ አያደርግም ነበር» የሚሉ ባለቤቶች የሚያዩት ነገር እውነት ነው፤ ከዚያ ተነስተው አዲሱ መኪና የተበላሸ ነው ማለታቸው ግን አያስኬድም።

በመንገድ የሚከፈለው

ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው። ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ላይ ያለ አየር 25 ዲግሪ ላይ ካለው በ12 በመቶ ይበልጥ ይከብዳል፤ መኪናውን ወደ ኋላ የሚይዘው የአየር ግፊትም በዚያው ልክ ያድጋል። ፊቱ ሰፊና ቀጥ ያለው ፒክአፕ ለዚህ የተጋለጠ ነው። አየሩን ማቅለል አይቻልም፤ ፍጥነትን መቀነስ ግን ይቻላል። የአየር ግፊት በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ፣ በሰዓት ከ105 ወደ 120 ኪሎ ሜትር ማለት ግፊቱን በ30 በመቶ ይጨምራል፤ ይህም ብርዱ ከሚጨምረው ከእጥፍ በላይ ነው። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ከሌላው ምክር ሁሉ በፊት ይህን ቢያስብ ይሻላል።

ስለ ጎማ ንፋስ የሚነገረው ትክክልም የተጋነነም ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ፋረንሃይት፣ ማለትም በ5 ዲግሪ ተኩል ሴልሺየስ ሲወርድ የጎማ ንፋስ በ1 ፒኤስአይ ገደማ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ ላይ 35 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ ከዜሮ በታች 15 ላይ 28 አካባቢ ይሆናል። ከ2007 መስከረም ጀምሮ በአሜሪካ ለአዳዲስ ቀላል መኪናዎች ሁሉ ግዴታ የሆነው የማስጠንቀቂያ መብራት የሚበራው ግን ንፋሱ ከተመከረው በ25 በመቶ ሲወርድ፣ ማለትም 26 ፒኤስአይ ገደማ ላይ ነው። መብራቱ አልበራም ማለት ጎማው ደህና ነው ማለት አይደለም። ይህ ትክክለኛው ክፍል ነው። የተጋነነው ጥቅሙ ነው፤ በኢነርጂ ሚኒስቴሩ ስሌት እያንዳንዱ የጎደለ ፒኤስአይ የሚያስከፍለው 0.2 በመቶ ገደማ ነው፤ ሰባቱ ቢመለሱ አንድ በመቶ ተኩል ይሆናል። ለፍሬንና ለጎማው ዕድሜ ሲባል ንፋስ መሙላት ግድ ነው። አራት ማይል በጋሎን ግን ከዚያ አይገኝም።

በረዶ ያለበት መንገድ ራሱ ጎማን ይይዛል፤ የብርድ ወራት ጎማም ብዙ ጊዜ ከመደበኛው ይልቅ ለመንከባለል ይከብዳል። ከኋላ የተከመረ በረዶና ለሚዛን የተጫነ የአሸዋ ከረጢት ክብደት ነው፤ በተለምዶ የሚሰጠው ግምት 45 ኪሎ ግራም ለአንድ መኪና 1 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ከባድ በሆነ ፒክአፕ ላይ ከዚያ ያንሳል። በረዶውን መጥረግ ያለ ክርክር ይጠቅማል። አሸዋውን ማውረድ ግን የኋላ ጎማው ባዶውን በሚንሸራተትበት መንገድ ላይ የማልመክረው ቁጠባ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ሲደረስ ከአራት ጎማ ወደ ሁለት ጎማ መመለስም ነዳጅንም መሣሪያውንም ያድናል።

ሞተር ማሞቅ፦ የቆየው ክርክር

ጠዋት ሞተር አስነስቶ ቆሞ ማሞቅ ለብዙ ኢትዮጵያዊ አሽከርካሪ ከአገር ቤት ይዞት የመጣው ልማድ ነው፤ መሠረትም ነበረው። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ሳይሞቅ ሲነዳ ይንገጫገጫል፣ ይጠፋል። የንፋስ ፍሬን ያለው የጭነት መኪናም ታንኩ ንፋስ እስኪሞላ መቆም አለበት። ቤንዚን በኮምፒዩተር እየተመጠነ የሚረጭባቸው ሞተሮች በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካርቡሬተርን ከተኩ በኋላ ግን የመጀመሪያው ምክንያት ጠፍቷል፤ ሁለተኛው ፒክአፕን አይመለከትም።

ዛሬ ያሉት አቋሞች ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል። የኢነርጂ ሚኒስቴሩና አብዛኞቹ አምራቾች ሠላሳ ሰከንድ ያህል ቆይቶ በለስላሳው መንዳት ይበቃል ይላሉ። መነሻቸው ግልጽ ነው፤ ቆሞ የሚሠራ ሞተር ጭነት ስለሌለው ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው፤ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ደግሞ መኪናው ካልተንቀሳቀሰ ጨርሶ አይሞቁም ማለት ይቻላል። በሌላው ወገን የቆሙት ልምድ ያላቸው ባለቤቶችና አንዳንድ መካኒኮች፣ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ የወፈረ ዘይት በሠላሳ ሰከንድ የትም አይደርስም ይላሉ። ሦስተኛው አቋም ስለ ነዳጅም ስለ ሞተርም አይደለም፤ ስለ ሰው ነው። መስታወቱ በውርጭ ተሸፍኖ፣ እጅ ደንዝዞ መንዳት አደጋ ነው።

ስለ ነዳጁ ያለው ማስረጃ ከመጀመሪያው ወገን ጋር ነው። ቆሞ የሚሠራ ሞተር እንደ ስፋቱ በሰዓት ከሩብ እስከ ግማሽ ጋሎን፣ ማለትም ከ0.95 እስከ 1.9 ሊትር ያቃጥላል፤ የፒክአፕ ትልቅ ሞተር ወደ ላይኛው ይጠጋል። በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የሚፈጅ ፒክአፕ በቀን 10 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 1.2 ሊትር ይበቃዋል። ጠዋት ሩብ ሰዓት፣ ማታ ሩብ ሰዓት ሞተሩን ከሩቅ በሚያስነሳ ሪሞት ቢሞቅ ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ያህል ይጨመርበታል፤ አንድ ስንዝር ሳይንቀሳቀስ ፍጆታው ከ40 እስከ 80 በመቶ አደገ ማለት ነው። አጭር መንገድ እየሄዱ ስለ ነዳጅ የሚያማርሩ የአዲስ ፒክአፕ ባለቤቶች መጀመሪያ ሊመረምሩት የሚገባ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም አሮጌው መኪናቸው ሪሞት አልነበረውም፣ አዲሱ አለው። ብርድና አዲስነት የተወቀሱበት ብዙ ነዳጅ በግቢ ውስጥ የተቃጠለ ነው።

ለሦስተኛው አቋም ግን ተገቢው ክብር ይገባዋል። መስታወቱ እስኪጠራ መቆየት ብክነት አይባልም። ልዩነቱ መስታወት በሦስት ወይም በአምስት ደቂቃ መጥራቱ፣ በሪሞት የተነሳው ሞተር ደግሞ ማንም ባይወጣም እስከተወሰነለት ጊዜ መሥራቱ ነው። በኮሎራዶ ቁልፉ ተሰክቶ ያለ ሰው ሞተሩ እየሠራ የተተወ መኪና በስርቆት ስጋት ያስቀጣል፤ በሪሞት የተነሳው ግን ከቅጣቱ ነፃ ነው። ሕጉ ለስርቆት ታስቦ ለሪሞቱ በሩን ከፈተለት፣ ነዳጁን የሚመለከት ነገር ግን አልያዘም።

ከግድግዳ መብራት የሚሞቅ ሞተር

ቆሞ ከማሞቅ ሌላ አማራጭ በሰሜኑ ሜዳዎች ከቆየ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በሰሜን ዳኮታ፣ ግራንድ ፎርክስ ይኖር የነበረው አንድሩ ፍሪማን ሞተርን በኤሌክትሪክ ለሚያሞቅ መሣሪያ በ1949 የፈጠራ መብት አግኝቷል። ዛሬ በፌርባንክስ፣ በኤድመንተንና በዊኒፔግ የመኪና ማቆሚያዎች ላይ የኤሌክትሪክ ሶኬት ማየት የተለመደ ነው። የካናዳ የተፈጥሮ ሀብት ሚኒስቴር መሣሪያው በጽኑ ብርድ ጠቅላላ የነዳጅ ፍጆታን እስከ 10 በመቶ ሊያሻሽል እንደሚችል ይገልጻል፤ ሌሊቱን ሙሉ ከመሰካት ይልቅም ከመነሳት ሁለት ሰዓት በፊት በሚያበራ ሰዓት ቆጣሪ እንዲጠቀሙ ይመክራል።

የመነሻን ክፍያ በቀጥታ የሚነካው ዋናው መድኃኒት ይህ ነው። የገንዘብ ጥቅሙ ግን ቁጥር ሲሠራበት ከሚባለው ያንሳል። 600 ዋት የሆነ መሣሪያ ለሁለት ሰዓት ሲሠራ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። የሚያድነው ነዳጅ በአንድ አጭር ጉዞ የሊትር ሩብ ቢሆን፣ ኤሌክትሪክ ውድ በሆነበት አካባቢ ሁለቱ ሂሳቦች ሊቀራረቡ ይችላሉ። ሌሊቱን ሙሉ ሲሰካማ ኪሳራ ነው። ሞተሩ ሳይቸገር መነሳቱና ጓዳው ቶሎ መሞቁ የማያከራክሩ ጥቅሞች ናቸው፤ ነዳጅ ቆጣቢነቱ በአየሩ ጽናት፣ በጉዞው አጭርነትና በመብራት ዋጋው ይወሰናል። በጣሪያ ሥር ማሳደር ካለ፣ የማይሞቅ ጋራዥ እንኳ ቢሆን፣ ያለ ክፍያ ከፊሉን ይሠራል።

ራዲያተሩን በካርቶን ወይም በሸራ መሸፈንም የቆየ ዘዴ ነው። አሁን በብዙ ፒክአፖች ላይ ይህን ሥራ በራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ መዝጊያ ይሠራዋል፤ የ2013ቱ ራም 1500 በፒክአፕ ላይ ቀድሞ አምጥቶታል። መዝጊያ ያለው መኪና ላይ ካርቶን መጨመር ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ጭነት በሚጎትት መኪና ላይ ደግሞ የሞተሩንና የካምቢዮውን ዘይት ከልክ በላይ ሊያግል ይችላል።

አዲስነት ወይስ ወቅት?

«ሞተሩ ገና አልተፍታታም» የሚለው መልስ ይፋዊ ድጋፍ አለው። የኢነርጂ ሚኒስቴሩ አዲስ መኪና ሙሉ ውጤቱን ለመስጠት ከ3,000 እስከ 5,000 ማይል፣ ማለትም ከ4,800 እስከ 8,000 ኪሎ ሜትር ሊፈልግ ይችላል ይላል። የፒስተን ቀለበቶች ከሲሊንደሩ ጋር፣ የዲፈረንሻል ጥርሶች እርስ በርስ እስኪተዋወቁ ፍትጊያው ከፍ ይላል። በዚህ ላይ የአሜሪካ የትራንስፖርት ምርምር ቦርድ በ2006 ያወጣው ዘገባ የሚያነሳው ነገር አለ፦ ጥርሱ ያላለቀ አዲስ ጎማ ካለቀው የበለጠ የመንከባለል ኃይል ይፈልጋል፤ ይህ ኃይል በ10 በመቶ ሲቀንስም የነዳጅ ፍጆታ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይሻሻላል። አዲስ ፒክአፕ ማለት አዲስ ጎማም ነው፤ ጎማውን ግን ማንም አይጠረጥረውም።

አስቸጋሪው መለየቱ ነው። ኅዳር ላይ የተገዛ መኪና 8,000 ኪሎ ሜትር የሚሞላው ሚያዝያ አካባቢ ነው፤ ያን ጊዜ አየሩ ሞቋል፣ የማደያው ቤንዚን ተቀይሯል፣ የብርድ ጎማው ወልቋል፣ መደበኛው ጎማም ትንሽ ተበልቷል። ባለቤቱ «ሞተሩ ተፍታታ» ይላል። ሚያዝያ ላይ የገዛው ጎረቤቱ ደግሞ በዚያው ኪሎ ሜትር ላይ ኅዳር ደርሶበት መኪናው እየባሰበት የሄደ ይመስለዋል። አንዱን ከሌላው የሚለየው የመጀመሪያውን ጥር ከሁለተኛው ጥር ጋር፣ በዚያው መንገድና በተቀራራቢ ሙቀት ማነጻጸር ብቻ ነው። የመፍታታት ውጤት አለ፤ ባለቤቶች የሚመሰክሩለት ትልቅ መሻሻል ግን በአብዛኛው የፀደይ ሥራ ነው የሚለው ፍርድ ለእኔ ሚዛን ይደፋል።

አንድ ነገር ግን በብርድም በአዲስነትም ሊሸፈን አይገባም። ቴርሞስታቱ ተከፍቶ የቀረ ሞተር መሞቂያ ልኩ ላይ ሳይደርስ ይውላል፤ እንደ ቀዘቀዘ ስለሚቆጠርም ትርፍ ነዳጅ ይወስዳል። ምልክቱ ከ20 ደቂቃ ጉዞ በኋላም ዝቅ ብሎ የሚቀር የሙቀት ጠቋሚና ለብ ያለ የጓዳ አየር ነው፤ የስህተት ኮዱም ብዙ ጊዜ ፒ0128 ነው። አዲስ መኪና ላይ ዋስትናው ይሸፍነዋል። «ብርድ ስለሆነ ነው» ተብሎ ከመመለስ በፊት ይህ እንዲታይ መጠየቅ የገዢው መብት ነው።

ነዳጁ ራሱ

የማደያው ቤንዚን በወቅት ይቀያየራል። በሞቃት ወራት ቤንዚን ቶሎ እንዳይተን በሕግ ይገደባል፤ በማደያዎች ገደቡ ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 15 ይጸናል። በብርድ ወራት ሞተር በቀላሉ እንዲነሳ እንደ ቡቴን ያሉ በቀላሉ የሚተኑ ክፍሎች ይጨመራሉ፤ እነዚህ በጋሎን የሚይዙት ኃይል ያነሰ በመሆኑ የብርድ ወራቱ ቤንዚን ከሞቃቱ በ1.7 በመቶ ገደማ ኃይሉ ያንሳል። ልዩነቱ እውነት ነው፣ ግን ትንሽ ነው።

ብዙ ሰው የሚወቅሰው ኤታኖልን ነው፤ እዚህ ላይ የዘመን ልዩነት አለ። ዴንቨር በ1988፣ ሌሎች ከተሞችም በ1992 በካርቦን ሞኖክሳይድ ምክንያት በብርድ ወራት ብቻ ኦክስጅን ያለው ነዳጅ ማደል ሲጀምሩ፣ «የብርድ ወራት ነዳጅ» ማለት እውነትም ኤታኖል ወይም መሰሉ የተጨመረበት ነበር። አሁን በአሜሪካ ከሚሸጠው ቤንዚን ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው ዓመቱን ሙሉ እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለው። ኤታኖሉ 3 በመቶ ገደማ ኃይል ይቀንሳል፤ ግን ሐምሌም ጥርም እኩል ስለሚቀንስ የጥርን ጉድለት አያስረዳም። ስለዚህ ማደያ የመቀየር ምክር የሚያስገኘው ጥቂት ነው።

ልኬቱ ላይ ያለ ጣጣ

በጋሎን ማይል የሚለው አቆጣጠር ራሱ ያሳስታል። ሪቻርድ ላሪክና ጃክ ሶል በ2008 ሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት ሰዎች በጋሎን ማይል ሲሰጣቸው የነዳጅ ቁጠባን በተሳሳተ መንገድ እንደሚመዝኑ አሳይተዋል፤ ከ2013 ሞዴል ጀምሮም ወረቀቱ በ100 ማይል የሚፈጀውን ጋሎን ጭምር ይጽፋል። ከ20 ወደ 16 መውረድ 20 በመቶ ጉድለት ይመስላል፤ የሚቀዳው ነዳጅ ግን የሚያድገው በ25 በመቶ ነው፣ በ100 ኪሎ ሜትር ከ11.8 ወደ 14.7 ሊትር። የሩቅ መንገድና የመንደር ጉዞ በሚቀላቀሉበት ሳምንት ደግሞ ዳሽቦርዱ የሚያሳየው አንድ ቁጥር መነሻውን ከመንገዱ አይለይም። መነሻ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ማወቅ የሚሻ ሰው፣ ያንኑ ርቀት በአንድ ጉዞ የሄደበትን ሳምንት በብዙ መነሻ ከሄደበት ጋር፣ ከማደያ ደረሰኙ እያሰላ ቢያነጻጽር ይሻላል። ጉዳዮችን አጣምሮ በሞቀ ሞተር መጨረስ ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ ትልቁ ቁጠባ የሆነውም ለዚህ ነው።

ገና ያልተቋጨው

ክርክሩ አሁን ወደ ሃይብሪድና ኤሌክትሪክ ፒክአፕ ዞሯል። ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተር ከነዳጁ ኃይል አብዛኛውን በሙቀት ስለሚያባክን፣ አንዴ ከሞቀ ጓዳውን ያለ ተጨማሪ ወጪ ያሞቃል። ሃይብሪድ ይህን ብክነት ስለቀነሰ በብርድ ሙቀት ያንሰዋል፣ ሞተሩንም ለማሞቂያ ብቻ ደጋግሞ ያስነሳል፤ የኢነርጂ ሚኒስቴሩ በአጭር የከተማ ጉዞ ከ30 እስከ 34 በመቶ እንደሚያጣ ይገምታል። ኤሌክትሪኩ ይብሳል፤ የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር በ2019 ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ላይ ባደረገው ሙከራ ማሞቂያ ሲበራ የሚሄዱበት ርቀት በአማካይ በ41 በመቶ፣ ሳይበራ በ12 በመቶ ቀንሷል። ፎርድ በ2024 ኤፍ-150 ላይትኒንግ ላይ ሂት ፓምፕ የጨመረው ይህን ክፍተት ለማጥበብ ነው፤ ሂት ፓምፕ ግን ብርዱ በጠና ቁጥር አቅሙ ስለሚቀንስ ጽኑ ብርድ ያለበት አካባቢ የሚኖር ገዢ ሁሉን ሊጠብቅበት አይችልም።

ወረቀቱ ለብርድ የተለየ ቁጥር ይያዝ ወይስ አይያዝ የሚለውም አልተወሰነም። የሚቃወሙት ምክንያት አላቸው፤ ቁጥር በበዛ ቁጥር ገዢ ግራ ይጋባል፣ የማያሚ ነዋሪ ስለ ፌርባንክስ ማወቅ አያስፈልገውም። የሚደግፉት ደግሞ የብርድ ፈተናው ውጤት በተካሄደባቸው ሞዴሎች ላይ አስቀድሞ ያለ መሆኑን ይጠቅሳሉ፤ በአማካይ ውስጥ ተቀብሮ ከሚቀር ቢታይ ሻጩም «ብርዱ ነው» ሲል ምን ያህሉ ብርድ እንደሆነ ማሳየት ይችል ነበር። እኔ ከደጋፊዎቹ ጋር ነኝ። በቀመር ብቻ የተገመቱት ሞዴሎች በአካል ቢፈተኑም፣ ከ3,855 ኪሎ ግራም በላይ ያሉት ፒክአፖች ግን ምንም ወረቀት ስለሌላቸው ከዚህ ክርክር ውጭ እንደሆኑ ይቀራሉ፤ በዳኮታና በአልበርታ እርሻዎችና የነዳጅ ጉድጓዶች ላይ ከባዱን ሥራ የሚሠሩት እነዚሁ ናቸው።